የሦስተኛው እርከን አበልጆች

በሦስተኛው እርከን የክረምት ዝግጁነት ስብሰባ የሚጠራው ግንቦት ሳያልቅ ነው። በዚያ ዓመትም እንደ ወትሮው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ፤ ወላጆችም እንደ ወትሮው አርፍደው ገቡ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች እናቶች ከፊት፣ አባቶች ለመውጣት እንዲመቻቸው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ ኪሩቤል ዝናቡ ከገባ በኋላ እስከ መስከረም መንገድ እንደማይከፈት፣ ልጆቹም ክረምቱን ከየቤታቸው ሆነው በጓዳቸው በኩል እንደሚማሩ ተናገረ። ይህን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ሁሉም እንደ አዲስ ወሬ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማው።

ደሴ ወደ ጦሳ ተራራ ወገብ ከወጣች ወዲህ ኑሮው እንዲህ ነው። የታችኛው ከተማ ለውሃ ተለቀቀ፣ ሰውም እርከን በእርከን ተደርድሮ ሰፈረ። ክረምት ሲገባ እያንዳንዱ እርከን በጉምና በጎርፍ ታጥሮ ለብቻው ይቀራል። ልጆቹ መነፅራቸውን አድርገው ጓዳቸው፣ በሌላው ጊዜ ማታ ማታ ብቻ ወደሚገቡበት በመነፅሩ ውስጥ ወዳለው የየራሳቸው ክፍል፣ ይገባሉ፤ እዚያው ይማራሉ፣ እዚያው ይጫወታሉ፣ እዚያው ተጣልተው እዚያው ይታረቃሉ።

አምና ክረምት ከሁለተኛው እርከን ልጆች ጠፍተዋል። ትምህርት ቤቱ ባወጣው መግለጫ «በክረምቱ ምክንያት የተለዩን» አላቸው እንጂ ስንት እንደሆኑ አልተናገረም። ጎርፍ ወሰዳቸው ያለ ነበር፤ በጓዳቸው በኩል የመጣ ሰው አታለላቸው ያለም ነበር። ሬሳ አልተገኘም። ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ምን ብለው እንደሚያጽናኑ ግራ ገብቷቸው፣ ስለ ዝናቡ ብዛት አውርተው ተመለሱ።

የመስመር አበልጅነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወላጅ ለራሱ ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ትቶ የሌላውን ልጅ ጓዳ ይጠብቅ ተባለ። የራስን ልጅ ጓዳ መግባት ቀርቶ ስለ ጓዳው መጠየቅንም ደንቡ ይከለክላል። ስም ሲፈለግ አንድ መምህር «አበልጅ እንበላቸው» አለ። አበልጅነት ድሮ ልጅ ክርስትና ሲነሳ የሚገኝ ዝምድና ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እኩል አደለው። ሕዝቡም ቃሉን ወደደው። ዘበኛ ቢሏቸው ኖሮ ምናልባት እንደ ዘበኛ ይሠሩ ነበር። አበልጅ አሏቸው፣ እነሱም አበልጅ ሆኑ፤ በዓል ሲመጣ ይጠራራሉ፣ ሰው ሲታመም ይጠያየቃሉ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያስቀይም ይጠነቀቃል።

ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ አርሴማ የዝናብ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ቆላ ወርዶ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ውስጥ ይሠራል፤ ክረምቱ ከገባ መመለሻ የለውም። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ጥሩወርቅ ብቻ ናቸው። አበልጇ ኢልሃም ደግሞ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ስትሆን፣ ይማም የሚባል ከጥሩወርቅ ጋር አንድ ክፍል የሚማር ልጅ አላት፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ ጓዳ ትጠብቃለች። የእነ አርሴማ ትውልድ ልጆቹን በቅድመ አያቶቹ ስም መጥራት ወዶ ነበርና ሰባተኛ ክፍል በጥሩወርቆችና በይማሞች የተሞላ ነው። ስማቸው የሽማግሌ፣ ጉልበታቸው የፌንጣ።

ኪሩቤል በስብሰባው ማብቂያ ላይ ፈገግ ብሎ፣ ከመስከረም ወዲህ ከሦስተኛው እርከን አንድም «ደህና አይደለም» የሚል ሪፖርት እንዳልደረሰው፣ ይህም ቤተሰብና ትምህርት ቤት እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚገኝ ውጤት መሆኑን ተናገረ። ተጨበጨበለት። አርሴማ አጨበጨበች። አጠገቧ የተቀመጠችው ኢልሃምም አጨበጨበች።

የአርሴማ ተግባር ከራት በኋላ ይጀምራል። ዕቃ ካጣጠበች በኋላ መነፅሯን አድርጋ የይማም ጓዳ ትገባለች። ልጁ አያያትም። ጓዳውን የእርግብ ቤት አድርጎታል፤ ነጭና ግራጫ እርግቦች ጣሪያው ሥር ተደርድረው ያጉረመርማሉ። ማን መጥቶ እንደሄደ፣ ምን እንደተባባሉ ሰምታ ትወጣለች። ያኔ ትምህርት ቤቱ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ካስገጠመው መሣሪያ አንድ ትሁት የሴት ድምፅ «ይማም እንዴት ዋለ?» ብሎ ይጠይቃታል። «ደህና ነው፣ ተመስገን» ትላለች። «ተመዝግቧል። ደህና እደሩ» ይላል ድምፁ።

እንዴት ዋልክ ተብሎ «ኧረ አልዋልኩም» የሚል ሰው በዚህ አገር የለም። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ብሎ ነው ሕመሙን የሚያወራው። ድምፁን የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡበትም፣ ወይም አስበውበት ተመችቷቸው ይሆናል። «ደህና አይደለም» ማለት ደግሞ መዘዝ አለው፤ ሰዎች መጥተው ልጁን ቆላ ወዳለው የክረምት ማደሪያ ይወስዱታል። አበልጅነት ሳይመጣም እንኳ ካቻምና ከእርከኑ ጫፍ አንድ ልጅ ደህና አይደለም ተብሎ ተወስዶ ነበር። መስከረም ላይ ወፍሮ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሲያናግሩት «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነው የሚለው። ሰውም እናቱን ላለማሳቀቅ ብሎ ስለ ልጁ መጠየቁን ተወው።

በጋ የሚባል አንድ ልጅ ይማም ጓዳ መምጣት የጀመረው ከፋሲካ ወዲህ ነው። አርሴማ መጀመሪያ ላይ ልብ አላለችውም። ድምፁ እንደ ማንኛውም የሰባተኛ ክፍል ልጅ ድምፅ እየጎረነነ ያለ ነው። ትምህርት ቤቱ ለወላጆች በሰጠው ሥልጠና ላይ ክፉ ሰው ስም ይጠይቃል፣ ፎቶ ይጠይቃል፣ ስጦታ እልካለሁ ይላል ተብለው ነበር። በጋ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቀም። የሚጠይቀው ስለ ክረምት ነው። ቦት ጫማህን የት ታስቀምጣለህ ይላል፤ ይማም በሩ ጥግ ሲለው ጎበዝ ይለዋል። በጨለማ ታገኘዋለህ? ቦርሳህ ውስጥ በሶ አለ? ፊሽካህ ይሠራል? ጉም ሲወርድ የትኛውን አጥር ይዘህ ትወጣለህ? እነዚህ ሁሉ መምህራኑም ለዝግጁነት ልምምድ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው። እንዲያውም ከመምህራኑ ይልቅ በጋ ለልጁ የሚጨነቅ ይመስል ነበር።

አንድ ምሽት ግን በጋ እንዲህ ሲል ሰማችው፤

«ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋ ገንዳው ጋ እጠብቅሃለሁ። ለእናትህ አትንገራት፣ ትጨነቃለች።»

ገንዳው ከእርከኑ በላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ በልምምዱ ልጆቹ የሚሰበሰቡትም እዚያው ነው። ስለዚህ ስለ ልምምዱ እያወሩ ይሆናል ብላ አሰበች። «ለእናትህ አትንገራት» የሚለውን ግን በልምምድ ላይ ሰምታው አታውቅም። ከጓዳው ስትወጣ ድምፁ ይማም እንዴት እንደዋለ ጠየቃት። መነፅሯን አጥፋ አስቀመጠች። ድምፁ በዚያው ትሕትናው ደገመላት። እናትየው ሳትሰማ ለትምህርት ቤት መናገር ነውር ነው፣ መጀመሪያ ለኢልሃም፣ ከዚያ ኢልሃም የምትለው ይሆናል ብላ ቆረጠችና «ደህና ነው» አለች።

በማግሥቱ ልትነግራት ሄደች። ኢልሃም በሶና የደረቀ እንጀራ በፕላስቲክ እያሸገች ነበር። ተነስታ ሳመቻት፣ ሻይ አፈላችላት፣ ያሸገችውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየቻት። አርሴማ ወሬውን እንዴት እንደምትጀምር ስታውጠነጥን ኢልሃም ቀደመቻትና ስለ ጥሩወርቅ አነሳች። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ ጓዳዋ ራሱ እንዴት ደስ ይላል፣ አሳደግሽ መቼም አለቻት። ይህን ስትል ዓይኗን ከበሶው ላይ አላነሳችም። ልጇን እንዲህ ያመሰገነችላትን ሴት ያንቺ ልጅ ግን እንዲህ ሆኗል ማለት ፊቷ ላይ ውሃ እንደ መድፋት ሆነባት። እሷም በተራዋ የይማምን እርግቦች አደነቀች። ሻዩ አለቀ።

ኢልሃም እስከ በሩ ሸኘቻት። እጇን ይዛ ቆየችና «አርሴማዬ» አለች።

«አቤት?»

«ምንም። ግቢ፣ ሊዘንብ ነው።»

አርሴማ እቤቷ ገብታ በራሷ ተናደደች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለገች፤ የዝናብ ልብሱን ልለካለት ብላ ይማምን ጠራችው። ትከሻውን እየለካች፣ ያ በጋ የምትሉት ልጅ የማን ልጅ ነው ብላ እንደ ዋዛ ጠየቀችው። ልጁ ትንሽ ደንገጥ አለ፤ ግን ጨዋ ልጅ ነውና ወዲያው መለሰ። ከስድስተኛው እርከን ነው እትዬ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን አላት።

«ሁላችሁም? ጥሩወርቅም?»

«እሱን እናቴን ብትጠይቂያት ይሻላል እትዬ» አለ ይማም ጫማውን እያየ። «የእሷ ጠባቂ እናቴ ናት።»

አርሴማ በዚህ መልስ ልቧ አረፈ። እውነትም ኢልሃም ማታ ማታ ጥሩወርቅ ጓዳ ትገባለች። ክፉ ነገር ብታይ ኖሮ ትነግረኝ ነበር አለች። ይህን ስትል እሷ ራሷ ያየችውን ለኢልሃም አለመንገሯ በሐሳቧ አልመጣም። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ይታወራል። ስድስተኛው እርከን ገና በግንባታ ላይ መሆኑ፣ አንድም ሰው አለመግባቱ ትዝ ያላት እንኳ ልብሱን ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ምናልባት ገብተውበት ይሆናል ብላ ተወችው።

ያም ሆኖ ልጇን ራሷን ሳትጠይቅ አላለፈችም። ጥሩወርቅ ፀጉሯን እየተሠራች ነበር። በጋ የሚባል ጓደኛ አለሽ ወይ ስትላት ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለችላት። «እማዬ፣ የራስ ልጅ ጓዳ አይጠየቅም። ደንቡ ነው» አለች። አርሴማ ልጇ ደንብ በማወቋ ትንሽ ኩራት ተሰማት። በኋላ ያን ኩራቷን ስታስታውስ ፊቷን በሁለት እጇ ትሸፍን ነበር።

ሰኔ ገባ። የዓመቱ ታላቅ ልምምድ የተደረገው መንገዱ ሊዘጋ ሲል ነው። ልጆቹ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ ከየቤታቸው ወጡ፣ አጥር አጥሩን እየዳሰሱ፣ አንድም ሳይወድቅ፣ አንድም ሳያለቅስ ገንዳው ድረስ ደረሱ። ሁሉም አርሴማ የሰፋችውን ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሰዋል። ወላጆች በመንገዱ ዳር ቆመው ያዩ ነበር፤ ምንም ድምፅ አታሰሙ ተብለው ስለነበር ማንም ልጁን በስሙ አልጠራም። ኪሩቤል ልጆቹ ያለ እናት አባት እርዳታ፣ በጨለማም ቢሆን በራሳቸው መሄድ እንደቻሉ ተናግሮ እርከኑን አመሰገነ። አርሴማ አለቀሰች። ያለቀሰችው ከደስታ ነው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ መንገዱም ተዘጋ። ጉሙ ወርዶ የኢልሃምን በር ከአርሴማ ደጃፍ ሆኖ ማየት አልተቻለም። በእንዲህ ያለ ቀን ጠዋት ጥሩወርቅ ሳትታዘዝ ዕቃ አጠበች፣ አልጋዋን አነጠፈች፣ እነ ይማም ቤት ሄጄ አብረን እናጠናለን አለች። እናቷን ሁለት ጉንጯን ስማ ወጣች። አርሴማ ስፌቷን ያዘች። ግድግዳው ላይ የልጅቷ መብራት አረንጓዴ ሆኖ በርቷል፤ ትምህርት ቤቱ ያሰረላት አምባር የገላዋን ሙቀት እስካገኘ ድረስ መብራቱ አረንጓዴ ነው። አርሴማ ቀና እያለች እያየችው ረፋዱን ሁሉ ሰፋች።

ምሳ ሰዓት ላይ ኢልሃም መጣች። ነጠላም ጃንጥላም አልያዘችም፤ ውሃው ከሻሿ ላይ ይንጠባጠባል። ሰላም ሳትል ከአርሴማ ትከሻ በላይ ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከተች።

«ይማምን ጥሪልኝ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።»

«ይማም እዚህ የለም» አለች አርሴማ። «እናንተ ጋ አይደሉም እንዴ? ጥሩወርቅ እኮ እናንተ ጋ ነው የሄደችው።»

 የጣሪያው ቆርቆሮ በዝናቡ ይጮሃል። አርሴማ ወደ ልጇ መኝታ ገባችና ብርድ ልብሱን ገለጠች። ጥሩወርቅ ፔርሙዙን በፍል ውሃ ሞልታ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋ፣ አምባሯን አንገቱ ላይ አጥልቃለታለች። ፔርሙዙ ገና ትኩስ ነው። አርሴማ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«በጋ የሚሉት ነው» አለች ኢልሃም ከበሩ ላይ ቆማ።

«አንቺም ሰምተሽዋል?»

«ከጥሩወርቅ ጋር ሲያወራ። ከፋሲካ ጀምሮ።»

«እኔም ከይማም ጋር። ለምን አልነገርሽኝም ኢልሃም?»

«ሻይ የጠጣሽ ቀን ልነግርሽ ነበር» አለች ኢልሃም። «እንዳትደነግጪ ብዬ መጀመሪያ ጨዋ ናት አልኩሽ። አንዴ እንዲያ ካልኩ በኋላ እንዴት ብዬ ልመለስ? ደግሞ ይማም ላይ ክፉ ነገር ብታይ አርሴማ ትነግረኛለች አልኩ። አንቺስ?»

 አርሴማ ጎረቤቷን ልትጠላት ፈለገች፣ ግን የምትጠላበት ነገር ሁሉ የራሷ ነበር። ተነስታ ግድግዳው ፊት ቆመችና ልጆቹ መጥፋታቸውን ተናገረች። ድምፁ በትሕትና መለሰላት። ጥሩወርቅና ይማም ሙቀት አላቸው፣ ደህና ናቸው አለ።

«ደህና አይደሉም» አለች አርሴማ። ይህን ቃል ለግድግዳው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «ሁለቱም ደህና አይደሉም።»

«ተመዝግቧል» አለ ድምፁ። «መንገድ ሲከፈት ሰው ይላክላችኋል። ደህና ዋሉ።»

መንገድ የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው።  አርሴማ ቁምሳጥኑ ላይ ካገኘችው የዝናብ ልብስ አንዱን ለኢልሃም አልብሳ አንዱን እሷ ለበሰች፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ጉሙ እግራቸውን እንኳ አያሳያቸውም። ልጆቻቸው በጨርቅ በታሰረ ዓይን የሄዱበትን አጥር እየዳሰሱ፣ እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁ ወጡ። ልጆቹ አንድም ጊዜ አልወደቁበትም ነበር።

ገንዳው ጋ ሲደርሱ ሰው ያለ መሰላቸው። ኢልሃም «ይማም» ብላ ጮኸች፤ የመለሰላት ግን የለም። ቀረብ ሲሉ ግን እውነትም ሰዎች ቆመዋል። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹን ከስብሰባ ያውቋቸዋል፣ ከሌላ እርከን በተራራው ገደል ዞረው የመጡ የማያውቋቸውም ነበሩ። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመዋል። የካቻምናው ልጅ እናት ከነአበልጇ መጥታለች፤ «አዎ» እና «አይ» ብቻ የሚለው ልጇም ከሄዱት ውስጥ ነበር። ደሴ ሰው ሰውን ሳይሳለም የማያልፍበት አገር ነው። እዚያ የቆሙት ግን ለእግዜር ሰላምታ እንኳ አፍ አልነበራቸውም። መሬት መሬቱን ያያሉ።

ጭቃው ላይ የትናንሽ ቦት ጫማዎች ዱካ ሞልቷል። ከየአቅጣጫው መጥቶ ገንዳው ሥር ይሰበሰብና፣ ተራ ተራውን ይዞ፣ ሳይጋፋ፣ ሳይበታተን፣ ሰው ወዳልገባበት ወደ ስድስተኛው እርከን ይወጣል። የተሰለፉት ልክ እንደተማሩት ነው፤ ከኋላቸው ግን ጎርፉ መውጫውን ቆርጦታል። ዝናቡ ዱካውን አንድ በአንድ ውሃ እየሞላ ያጠፋው ነበር።

አንዲት የማያውቋት ሴት ከጉሙ ወጥታ ተጠጋቻቸው። ሸምገል ያለች ናት፤ እጇ ውስጥ በዚያ ብርድ ገና ያልቀዘቀዘ የልጅ አምባር ይዛለች። አርሴማንና ኢልሃምን ተራ በተራ አየቻቸው።

«የእናንተስ ስንት ናቸው?» አለች።

አርሴማ አንድ ልጅ ነው ያላት። ኢልሃምም አንድ።

«ሁለት» አሉ ሁለቱም እኩል።